መብራቷ እስክትበራ

የወንድሜ ቮልስዋገን ዳሽቦርድ ላይ ያለውን ዕቃ ለመቁጠር ደቂቃ አይፈጅም። አንድ የፍጥነት መለኪያ፣ በእሱው ሆድ ውስጥ የተሸጎጠች የቤንዚን መርፌ፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ ጥቂት መብራቶች። ሌላው ባዶ ቆርቆሮ ነው። መኪናዋ በፈረንጆች 1968 የተሠራች ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው፤ ስለዚህ ራዲያተር የላትም፤ ራዲያተር ስለሌላት የሙቀት መለኪያም የላትም። ስለ ዘይቷ የምትናገረው በአንዲት መብራት ብቻ ነው። መብራቷ ካልበራች ደህና ነን፤ ከበራች ደህና አይደለንም። በሁለቱ መካከል ስላለው ነገር አንዲት ቃል አትተነፍስም።

እኔን እንቅልፍ የነሳችኝ ደግሞ ይህቺው በመካከል ያለችው ነገር ናት። በጥር 2015 ዓ.ም. ሦስት መለኪያዎች በካርቶን ይዤ አረርቲ ወረድኩ፤ አንድ የዘይት ግፊት፣ አንድ የዘይት ሙቀት፣ አንድ የቴስታታ ሙቀት። የላከልኝ ጀርመን አገር የሚኖር የድሮ ተማሪዬ ነው። (በአንድ ዘመን በግጥም ቤት አመታት ያስጨነቅሁት ልጅ ነበር፤ ዛሬ በቮልስ ሞተር እሱ እኔን ያስጨንቀኛል።) ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ አስገጥሜ መመለስ። መለኪያ መግጠም እንደዚህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያስተማረኝ የአረርቲው መካኒክ ነው። "ስሜን ጋዜጣ ላይ እንዳያወጡት" ስላለኝ "መካኒኩ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

አረርቲን ለማታውቁ፣ የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ስትነሱ ሞጆ ላይ ታጥፋችሁ ነው የምትደርሱባት። አገሩ የጤፍና የሽምብራ አገር ነው። እንዲያውም የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው "አረርቲ" የሚባል የሽምብራ ዝርያ አለ። ወንድሜ እዚያ ከሰላሳ ዓመት በላይ አስተማሪ ነበር። መኪናዋን የገዛት በደርግ ዘመን፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ከነበረ አንድ ፈረንጅ ነው። ከአረርቲ ሞጆ፣ ከሞጆ አዲስ አበባ ስትመላለስ ኖራ፣ በ2013 ዓ.ም. እሱ ሲያርፍ ለእኔ ደረሰች። ሚስቱ፣ እትዬ ነው የምላት፣ "ከአሮጌ ነገር ጋር የምትስማማው አንተ ነህ፤ ውሰዳት" አለችኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

መካኒኩ ካርቶኑን ከፍቶ መለኪያዎቹን እንደ ዕንቁላል እያገላበጠ አየና፣ "መምህር፣ ይቺን ልጅ ሊያስበሷት ነው?" አለኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዳሽቦርዱ ቆርቆሮ ነው። ሦስቱን ለማስገባት እያንዳንዳቸው 52 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ሦስት ክብ ቀዳዳዎች መበሳት አለባቸው። ኦሪጅናል ነገር አንዴ ከተበሳ አይመለስም ባይ ነው መካኒኩ፤ የአሮጌ መኪና ክብሯ ያልተነካች መሆኗ ነው። ነገሩን የእልከኛ ሰው ወግ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። ቮልስ መሠራቱ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ሜክሲኮ ውስጥ ቆሟል፤ ከሃያ አንድ ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ። በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ራሱ ተከለከለ። እንግዲህ ቮልስ ያለው ቮልሱን አቅፎ ነው የሚተኛው።

በመብሳቱ ጉዳይ ቶሎ ተስማማን። ከዳሽቦርዱ ሥር በሁለት ብሎን የምትንጠለጠል ቆርቆሮ ሊሠራላቸው ቃል ገባ፤ ነገ ብትነቀል ምልክቷ አይቀርም። ክርክሩ ያለቀ መሰለኝ። ለካ የመብሳቱ ነገር መግቢያ ኖሯል።

"ጋሼ ሰላሳ ዓመት ያለዚህ ነው የነዷት" አለኝ። የወንድሜ ተማሪ ነበር። "ይሄን ካስገቡ በኋላ እርስዎ የሚያዩት መንገዱን አይደለም፤ መርፌውን ነው። መርፌው ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ልብዎ ከፍ ይላል። ምን በደሉኝ ብለው ነው ይሄን የሚገዙት?"

እሱ ሞተር የሚያውቀው በእጁ ነው። የኋላውን ክዳን በመዳፉ ይነካል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዝዞ ጫፉን በሁለት ጣቱ ይይዛል፤ መያዝ ከቻለ ይበቃዋል፤ ካቃተው "ትረፍ" ይላል። ድምፅ ሰምቶ የትኛው ባልቦላ እንደላላ ይነግራችኋል። በዚህ ዓይነት ሰው ፊት ቆሞ ስለ ቁጥር ማውራት ያሳፍራል። ግን ደግሞ የእሱ ዕውቀት እሱን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ወደ ቤቱ ሲገባ አብሮት ይገባል፤ አንድ ቀን ሲቀበርም አብሮት ይቀበራል። መለኪያ ግን ለማንም ይናገራል፤ ካንዴላን ከካንቢዮ ለይቶ ከማወቅ ላላለፈ ለእኔ ቢጤም። "እጅህን ቆርጬ ይዤ ልሄድ አልችልማ" አልኩት። ሳቀ እንጂ አልተረታም።

(በነገራችን ላይ ጋራዥ ስትገቡ ከምትሰሙት ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ካንቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ዓመታዊው ቦሎ ሳይቀር። ለዕቃው ሁሉ ስም ተውሰናል። ለመለካት ግን የራሳችን ቃል ነበረን። ወደዚህ ቃል እመለሳለሁ።)

አሁን ስለ መብራቷ ልንገራችሁ። ተማሪዬ ሲያስረዳኝ አላመንኩትም ነበር፤ በኋላ ግን ሌላ ቦታም አገኘሁት። መብራቷን የሚያበራት ትንሽ ማብሪያ የሚሠራው የዘይቱ ግፊት ከ0.45 እስከ 0.15 ባር ወደሚሆን ሲወርድ ነው። ጤነኛ የሆነ የዚህ ዓይነት ሞተር ሞቆ መንገድ ላይ ሲሮጥ ግፊቱ ሦስት ባር ግድም ነው። እስቲ አስቡት። ከሦስት ወደ ሁለት ይወርዳል፤ መብራት የለም። ወደ አንድ ይወርዳል፤ መብራት የለም። ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ አሁንም የለም። ከአሥር እጅ ዘጠኙ ግድም ሲሟጠጥ ያን ጊዜ ብልጭ ትላለች። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ወንድሜ ያቺን የጠፋች መብራት እያየ "ደህና ናት" ሲል የኖረው ይህን ሳያውቅ ነው።

መሐንዲሶቹን መውቀስ አይቻልም። ለተራ ሰው የሚሆን ርካሽ መኪና ነው የሠሩት፤ ነጂው በማይገባው ቁጥር እንዳይሸበር አሰቡለት። መብራት የተሠራው "ቁም" ለማለት ነው። "እየደከምኩ ነው" የማለት ችሎታ የለውም።

እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። ሰላምታችን ረጅም ነው፤ መልሱ ግን አንድ ነው። እንደምን አደርክ፣ እንዴት ሰነበትክ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ አዝመራው እንዴት ነው፤ ለሁሉም "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው። ለማሾፍ አይደለም የምለው። ምስጋናው እውነተኛ ነው፤ የታመመ ሰውም የሚያመሰግንበት አያጣም። እንደ መረጃ ስታዩት ግን የቮልስ መብራት ነው። ሰውየው አልጋ ላይ እስኪወድቅ ድረስ አይበራም።

ወንድሜ የደም ግፊት ነበረበት። "ነበረበት" የምለው በኋላ ስለተነገረን ነው። ኩላሊቶቹ ሥራ ማቆማቸው በታወቀ ጊዜ ሐኪሙ ግፊቱ የብዙ ዓመት ሳይሆን አይቀርም አለን። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ መምህራኑን በነፃ የሚለኩ የጤና ባለሙያዎች ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥተው ነበር፤ እሱ "ክፍል አለኝ" ብሎ ወጣ። አዲስ አበባ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡትን ልጆች እያሳየሁ "ና እንመዘን" ስለው፣ "እኔ ቡና ነኝ ወይስ ቆዳ?" አለኝ። ሳቅን። አለፍነው። እሱ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 ዓመት ከነበሩት ሰዎች ውስጥ 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት ግፊት ነበረባቸው፤ ከእነዚህ 46 በመቶዎቹ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ሳይጠየቅ የማይናገር በሽታ ነው። የመጠየቂያው መሣሪያ ደግሞ አዲስ አይደለም። ጣሊያን አድዋ ላይ ድል በሆነበት በዚያው በ1896 (እ.ኤ.አ.) ሪቫ ሮቺ የሚባል ሌላ ጣሊያናዊ ሐኪም ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን መለኪያ ይፋ አደረገ። ከጣሊያን ካንዴላውንም ፍሪሲዮኑንም ወስደናል፤ ይቺኛዋን ለመውሰድ ግን ዘገየን።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ "ለካ ታሞ ኖሯል!"

ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ሐዘን ላይ እንኳ ቃል ይይዘኛል። ገበሬው እህሉን ለካ ስንል መጠኑን ዐወቀ ማለታችን ነው። "ለካ ታሞ ኖሯል" ስንል ደግሞ ሳናውቅ ኖረን አሁን ገና ገባን ማለታችን ነው። ሁለቱ በጽሕፈት አይለዩም። ሥራቸው አንድ ይሁን አይሁን የቋንቋ ሊቃውንት ይንገሩን፤ እኔ የማውቀው አንደኛው "ለካ" በጊዜው ቢመጣ ኖሮ ሁለተኛው ድንኳን ውስጥ እንደማይሰማ ነው። ደግሞ "ልክ" የሚለውን ተመልከቱ። "ልክ ነህ" ስንል እውነት ተናገርክ ማለታችን ነው፤ ልክና እውነት በአማርኛችን ጎረቤት ናቸው። "ልክህን እወቅ" ስንል ግን ስድብ ነው። መጠንን ማወቅን የሚያህል ጥበብ ስናገኝ የዱላ ስም አደረግነው።

ወንድሜን ግን ሞኝ እንዳታደርጉት። እትዬ ከተቀበረ በኋላ የነገረችኝ ነገር አለ። አንድ ማታ ራሱን ይዞ ተቀምጦ ሳለ፣ "ሂድና ተለካ" ብትለው፣ "ብለካው ምን አደርገዋለሁ?" አላት። አራት ልጆች ነበሩ። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲ ደርሰዋል። የመምህር ደመወዝ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ አንድ ቀን ተገዝቶ የሚያበቃ አይደለም፤ በየወሩ ነው፤ ዕድሜ ልክ ነው። ማወቅ ነፃ አይደለም። ዳገት መካከል ላይ ለሆነ፣ ማቆሚያ ቦታ ለሌለው ነጂ "ሞተርህ እየነደደ ነው" ብላችሁ ብትነግሩት ምን ረዳችሁት? ስለዚህ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚለው ተረት ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም። አንዳንዱ በሽታውን የሚደብቀው መድኃኒቱን ስለማያምነው አይደለም፤ የመድኃኒቱን ዋጋ ስለሚያውቀው ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ በወንድሜ ላይ የነበረኝ ቁጣ ግማሹ ወለቀ።

ግማሹ ግን አልወለቀም። ለምን እንዳልወለቀ ለማስረዳት ከአንድ እንግሊዛዊ ልበደር። ዊልያም ክሊፈርድ የሚባል የሒሳብ ሊቅ በ1877 (እ.ኤ.አ.) ስለ እምነት ሥነ ምግባር አንድ ጽሑፍ አሳትሟል። የሚጀምረው በመርከብ ባለቤት ታሪክ ነው። ሰውየው አሮጌ መርከብ አለው፤ ተሰዳጆች ጭኖ ሊልካት ነው። ሰዎች "ይህቺ መርከብ እንጃ" ብለውታል። ልቡም ይጠራጠራል። ነገር ግን ስንት ማዕበል አልፋ የተመለሰች መርከብ ናት፣ እነዚህን ምስኪኖች ደግሞ ፈጣሪ አይጥላቸውም፣ እያለ ጥርጣሬውን አስተኛው። በቅን ልብ ሸኛት። ባሕሩ መካከል ሰጠመች፤ እሱም የኢንሹራንሱን ገንዘብ ወሰደ። ክሊፈርድ ይህ ሰው ለሰዎቹ ሞት ጥፋተኛ ነው ይላል። ማንም ይስማማል። የሚቀጥለው ግን ያቆማችኋል፤ መርከቧ በሰላም ደርሳ ቢሆንም ጥፋቱ በአንዲት ነጥብ አይቀንስም ይላል። ጥፋቱ መስጠሟ አልነበረምና፤ ሳያይ ማመኑ ነበር።

እኔ ተማሪዎቼን ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አከራክሬበታለሁ። እንደ ክሊፈርድ ጨካኝ መሆን አልችልም፤ እሱ ማንም ሰው፣ መቼም፣ የትም ያለ ማስረጃ ሊያምን አይገባም እስከማለት ይሄዳል። እንደዚያ ከሆነ ማናችንም ከቤት አንወጣም። ለእኔ የሚለየው ነገር ተሳፋሪው ነው። ባለቤቱ መርከቧ ላይ ብቻውን ቢሳፈር ኖሮ አለማወቁን መብቱ ነው ልለው እችል ነበር። ሰው የራሱን ሞት ሳይለካ የመጠበቅ መብት ያለው ይመስለኛል። ግን ስንቶቻችን ነን ብቻችንን የምንነዳ? ወንድሜ አምስት ሰው ጭኖ ነበር የሚሄደው።

አረርቲን አንስቼ ስለ ተሳፋሪና ስለ ጭነት ስጽፍ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.ን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። የማርያም ክብረ በዓል ዕለት፣ በግንባታ ላይ ባለችው አረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ፤ የተጎዱት ብዙ ናቸው። ለጸሎት የወጡ ሰዎች ናቸው። የማን ጥፋት ነው የሚለውን መመርመር የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ እኔ ለቅሶ ደራሽ ነኝ። ግን ያን ዜና ከሰማሁ ጀምሮ ከአእምሮዬ ያልወጣ ነገር አለ። እንጨት መርፌ የለውም። አንድ ሰው ሲወጣበት ዝም ይላል፤ አሥር ሲወጣበት ዝም ይላል። "በቃኝ" የሚለው አንዴ ነው።

ወደ ጋራዡ ልመለስ፤ ምክንያቱም መለኪያ ለመግጠም ከወሰንን በኋላም "የት?" የሚል ጥያቄ ጠበቀን። የቴስታታ መለኪያው ከካንዴላ ሥር የምትገባ የቀለበት ቅርጽ ያላት ነገር አለችው። ቀለበቷ አንድ ናት፤ ሲሊንደሮቹ አራት ናቸው። የትኛው ላይ ትሁን? እኔ የሚመች ቦታ ላይ፣ ለእጅ ቅርብ የሆነው ላይ ትሁን አልኩ። መካኒኩ ያን ጊዜ ነው ከልቡ ወደ ሥራው የገባው።

"ሦስተኛው ላይ ነው" አለኝ።

"ለምን?"

"ሁልጊዜ የሚቃጠለው የሦስተኛው ባልቦላ ነዋ።"

እሱ የሚያውቀው ከልምድ ነው፤ ምክንያቱን ተማሪዬ በኋላ ነገረኝ። በእነዚህ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው አየር በሚነፋው ቤት ውስጥ፣ ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው የሚደርሰው አየር በዘይቱ ሞቆ የመጣ ነው፤ መጠኑም ይቀንሳል። ሦስቱ ሲሊንደሮች ንጹሕ አየር ሲተነፍሱ እሱ የተረፈውን ይተነፍሳል። ፋብሪካው ራሱ ችግሩን አውቆ በፈረንጆች 1971 ሞዴል ላይ ማቀዝቀዣውን ወደ ጎን አወጣው። የእኛይቱ ግን ከዚያ በፊት የተሠራች ናት። እንግዲህ አንደኛው ላይ ብንገጥም መርፌዋ ደህና ደህናውን እየነገረችን ሦስተኛው ሊያርር ነው። ውሸት አትነግረንም፤ ያልጠየቅናትን ግን አትመልስም።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ስለ ወንድሜ ሕመም ዘመን ሌላ ነገር አሰብኩ። በሽታው ከታወቀ በኋላ ሁላችንም ለኪዎች ሆነን ነበር። ስንት ሆነ፣ ወረደ ወይ፣ ጨው በላ ወይ፣ እያልን በየቀኑ ስልክ እንደውላለን። ስልኩን የምታነሳው እትዬ ናት። ሌሊቱን የምትነሳው እሷ ናት። ሞጆና አዲስ አበባ የምታመላልሰው እሷ ናት። በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንዳችንም "አንቺስ?" ያልናት ትዝ አይለኝም። የእሱን ቁጥር ትነግረናለች፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለን እንዘጋለን።

መለኪያዎቹ ተገጠሙ። ሽቦው ከኋላ እስከ ፊት በመኪናዋ ሆድ ሥር አልፎ ለመድረስ አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። በመጀመሪያው ጉዞዬ፣ ከሞጆ ስመለስ፣ የዘይቱ ሙቀት 105 ዲግሪ ሲደርስ አቁሜ ደወልኩለት።

"ስንት አሉኝ?"

"መቶ አምስት።"

"መምህር፣ ይቺ እኮ በዚህ ፀሐይ ሁልጊዜ እንዲህ ነች። ዛሬ ገና ስለነገረችዎ ነው። ይምጡ በቃ።"

መርፌን የማየት በሽታ ይኖራል ያለኝ ትክክል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መንገዱን እንጃ፣ መርፌዎቹን ግን አልሳትኳቸውም። ከዚያ የገባኝ ነገር ቁጥር ብቻውን ምንም እንደማይናገር ነው። መቶ አምስት ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? በጠዋት ነው ወይስ በቀትር? በሜዳ ነው ወይስ በዳገት? ትናንት ስንት ነበር? አንድ ደብተር ገዝቼ መጻፍ ጀመርኩ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ቁጥሩን። ደብተሩ ሁለት ገጽ ከሞላ በኋላ ነው መርፌዋን ማየት የተውኩት፤ ማለቴ ማየቱን አልተውኩም፤ መፍራቱን ተውኩ። መካኒኩም አንድ ቀን ደብተሩን አንስቶ አገላበጠና ዘንጉን መዝዞ በጣቱ ያዘ፤ "ስንት ይላል?" ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ባገኘኝ ቁጥር መጀመሪያ በጣቱ ይይዝና ቁጥሩን ይገምታል፤ ከዚያ እኔ አነብለታለሁ። ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። በተሳሳተ ቀን ደግሞ መለኪያው ነው የተሳሳተው ይላል።

ከዚያ ዓመት ክረምት በኋላ፣ በአማራ ክልል ግጭቱ ከተነሳ ወዲህ፣ መንገድ ላይ መቆም ሌላ ትርጉም አለው፤ እኔም እንደ ድሮው እንደ ልቤ አልመላለስም። የምነግራችሁ ግን በዚያው በጥር ወር የሆነውን ነው። እትዬን ይዤ ወደ ባልጪ ለቅሶ ልንደርስ ወጣን። ጠዋት ነበር የተነሳነው፤ እሷ ጎረቤት ስትሰናበት ረፈደ። ማሳው ታጭዷል፤ በየአውድማው የጭድ ክምር ቆሟል። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ስንይዘው የዘይቱ መርፌ መቶ አሥርን አለፈች። መቶ አሥራ አምስት። የቴስታታዋም አብራ ትወጣለች። መቶ ሃያ ላይ ጥግ ይዤ አቆምኩ።

"ምን ሆነ?" አለችኝ እትዬ።

"ምንም አልሆነም። ትንሽ እንረፍ ብዬ ነው።"

መቀነቷን አስተካክላ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ከዳሽቦርዱ ሥር የተንጠለጠሉትን ሦስቱን ክቦች አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ታዲያ እነዚህን ለማን ነው ያስገጠምካቸው?"

አፈርኩ። የቱ ምን እንደሆነ ነገርኳት። ዘይቱ መቶ ሃያ መድረሱን፣ ከመቶ አሥር ባያልፍ ደስ እንደሚለኝ፣ ግማሽ ሰዓት ብንቆም እንደሚበርድ፣ ካልበረደም ወደ ኋላ እንደምንመለስ። "ለቅሶውስ?" አላለችኝም። "እንዲህ በለኝ" ብላ በሩን ከፍታ ወረደች። መብራቷን አየኋት፤ አልበራችም።

ከመንገዱ ዳር አንዲት ግራር ሥር ተቀመጥን። እትዬ ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ፈታች። ከታች ምንጃር ሜዳው ድረስ ይታያል። ብዙ አላወራንም። ቆሎው ሊያልቅ ሲል፣

"ያንተስ ስንት ነው?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ግፊትህ።"

"መቶ ሠላሳ በሰማንያ አምስት።"

"መቼ የተለካኸው ነው?"

"አምና።"

"እኔ የጠየቅሁህ የዘንድሮውን ነው።"

ተነስቼ ወደ መኪናዋ ሄድኩ። ቁልፉን ግማሽ አዙሬ መርፌዋን አየሁ፤ ገና መቶ አሥራ ሁለት ላይ ናት። ተመልሼ ከጎኗ ተቀመጥኩና ቁጥሩን ነገርኳት። ከዚያ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ የእሷን ጠየቅኋት።